ዋጋውን አንተ ቁረጥ፦ በድሬዳዋ በነፃ የታደለ የዱቤ ደብተር

አፕ የሚሠሩ ልጆች ወደ ሱቄ እየመጡ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «በነፃ ልቀቀውና የወደደ ይክፈል ብል ያዋጣል ወይ?» ብዙዎቹ ሞክረውታል። ከአፑ ግርጌ አንድ ቁልፍ ያስቀምጣሉ፣ የባንክ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ምንም አይመጣም። «የኛ ሰው ለሶፍትዌር አይከፍልም» ብለው ይተዉታል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተርና የስልክ ጥገና ቤት አለኝ። አሁን የምተርከውን አፕ የሠራችው ልጅ ሥራዋን የምትሠራው እዚሁ ቤት ጥግ ላይ ባለች ጠረጴዛ ነው። ገንዘብ ሲገባ በደብተር የምመዘግበው እኔ ነበርኩ፣ ስልክ ሲደወልም ግማሹን የማነሳው እኔ። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ስም አልጠራም፤ የሷንም፣ የባለሱቆቹንም፣ የበደሉንንም ሰዎች።

ከየት ተነሳ

አባቷ ሳቢያን ውስጥ ሱቅ አለው። እንደማንኛውም የሰፈር ባለሱቅ የሚኖረው በዱቤ ነው። ሰው ዘይትና ስኳር ይወስዳል፣ ደመወዝ ሲገባ ይከፍላል። ሂሳቡ ያለው አንድ ደብተር ላይ ነው። ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ መሀሉ በላስቲክ የታሰረ ደብተር። ውስጡ ስም አይጻፍበትም ማለት ይቻላል፤ «ባለ ባጃጁ»፣ «የላይኛዋ ግቢ»፣ «ነርሷ» ነው የሚለው። የከፈለ ሰው ገጹ ላይ ትልቅ ኤክስ ይሰመርበታል።

አንድ ቀን የዘይት ጀሪካን አፈሰሰና ደብተሩ ራሰ። ከገጾቹ አንዱ ጨርሶ የማይነበብ ሆነ። የዚያ ገጽ ባለቤት «ከፍያለሁ» አለ፣ አባቷ «አልከፈልክም» አለ። የዓመታት ደንበኛ ነበር። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ። «አባዬን ያንገበገበው ገንዘቡ አይደለም፣ ሰውየው ነው» አለችኝ። ልጅቷ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበረች። በሁለት ወር ውስጥ የስልክ ዱቤ ደብተር ሠራች።

አፑ ቀላል ነው። ሰው ትመዘግባለህ፣ የወሰደውን ትጽፋለህ፣ ሲከፍል ትቀንሳለህ። ኢንተርኔት አይፈልግም። በወር መጨረሻ ማን ስንት እንዳለበት ደምሮ ያሳያል። ከፈለግክ ለባለዕዳው አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል።

በነፃ የለቀቀችው ደግ ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ ደግ ናት ግን። ሌላ መንገድ አልነበራትም። ጉግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ 25 ዶላር ያስፈልጋል፣ እሱም በውጭ አገር በሚሠራ ካርድ የሚከፈል ነው፣ ካርዱ ደግሞ አልነበራትም። ስለዚህ አፑ የሄደው የኛ አገር ፋይል በሚሄድበት መንገድ ነው፤ በዜንደር፣ በሚሞሪ፣ በቴሌግራም። አባቷ ለጎረቤቱ ሰጠ፣ ጎረቤቱ ለወንድሙ። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድን ነገር መቆለፍ አይቻልም። ያላት ምርጫ ማስከፈል ሳይሆን መጠየቅ ነበር።

አካሄዱ ራሱ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ አንድሩ ፍሉገልማንና ጂም ክኖፍ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ፣ ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ፍሉገልማን ፒሲ ቶክ የሚባል የመገናኛ ፕሮግራም ነበረው፣ ክኖፍ ደግሞ ፒሲ ፋይል የሚባል የመረጃ መዝገብ። ሁለቱም ፕሮግራማቸውን ከጽሑፍ ጋር ለቀቁት፤ አባዙት፣ ለወዳጅ ስጡት፣ ከጠቀማችሁ ገንዘብ ላኩ። ኋላ ተገናኝተው ሁለቱም 25 ዶላር መጠየቅ ጀመሩ። ክኖፍ የአይቢኤም ሥራውን እስከመልቀቅ ደርሷል። ይህን ታሪክ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ልብ ሰጣት።

ችግሩ

አፑ ሄደ። አሸዋ ገበያ ደረሰ፣ መጋላ ደረሰ፣ ገንደ ቆሬ ደረሰ። ከሐረር ፈረስ መጋላ መደወል ጀመሩ፣ ከጅግጅጋም። ሰዎች ሲቸገሩ ነው የሚደውሉት፤ ስልክ ቀየርኩ፣ ቁጥሩ ተሳሳተብኝ፣ ይህን ጨምሪልኝ። እሷ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነች። ገንዘብ ግን የለም። በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የከፈሉት ሰባት ሰዎች ናቸው። ከሰባቱ ሦስቱ ዘመዶቿ ነበሩ።

አንድ ማታ ሱቅ ስንዘጋ «እንግዲህ ልተወው» አለች። እኔ ደግሞ ሰዎቹን ጠይቀናቸው እናውቃለን ወይ አልኳት። አልጠየቅናቸውም። የጠየቀው አፑ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለታችንም ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ሰው የማይከፍልባቸው ምክንያቶች አምስት ሆነው ተገኙ፤ አራቱን ያገኘነው በዚያ ዙረት ነው፣ አንደኛው ቆይቶ ነው የተገለጠው።

መቼ ነው የጠየቅነው?

የክፍያው ጥያቄ የሚመጣው አፑ ሲከፈት ነበር። አንድ ጠዋት መጋላ ውስጥ አንድ ሐጂ ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንድ ልጅ ዳቦ ይላል፣ አንዲት ሴት ግማሽ ሊትር ዘይት ትላለች፣ ባጃጅ ቆሞ ጡሩንባ ይነፋል። ሐጂ ስልኩን ከፈተ፣ መስኮቱ ብቅ አለ፣ በአውራ ጣቱ እንደ ዝንብ እሽ አለው። ምን እንደሚል አላየውም። ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ፋይል የምናሽግበት ዊንራር «የሙከራ 40 ቀንህ አልቋል» እያለ ብቅ ሲል ስንት ዓመት ዘግተነዋል? እጃችን ራሱ ለምዶታል።

ስለዚህ ጥያቄውን ከጠዋት አወጣችው። ድሬ ላይ ቀትር ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ያርፋል ወይም በርጫ ላይ ይቀመጣል፣ አመሻሽ ላይ ይከፈታል። ባለሱቅ ሂሳቡን የሚያየው ያኔ ነው፣ በተለይ የወር ደመወዝ በገባበት ሰሞን። አዲሱ ስሪት ጥያቄውን የሚያመጣው በወር አንዴ ብቻ ነው። የሚያመጣውም ትልቅ ዕዳ ተከፍሎ ሲዘጋ፣ «በዚህ ወር ይህን ያህል ብር ዱቤ ተሰብስቦልሃል» ብሎ ድምሩን ካሳየ በኋላ። ሰውየው ገንዘቡን በእጁ ይዟል። ደብተሩ እንደጠቀመው ለማሳመን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከሁሉም ለውጥ ትልቁን ፍሬ ያፈራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮዱ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

በምን ቃል ነው የጠየቅነው?

ይህኛው ረጅም ጊዜ ወሰደብን። መጀመሪያ የተጻፈው «እርዳታ ያድርጉ» ነበር። አንድ ባለሱቅ «ምን ሆነች ልጅቷ? ታማለች እንዴ?» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። እርዳታ ሲባል ሰው የሚያስበው የታመመና የተቸገረ ነው። አንዲት ሴት ደግሞ በረመዳን ሃምሳ ብር ላከችና «ሰደቃ ነው» ብላ ደወለች። ልጅቷ አመሰገነቻት፣ ግን ደስ አላላትም። ሰደቃ ለተቸገረ የሚሰጥ ነው፣ እሷ ደግሞ የሠራች ሰው ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቪም የሚባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ የሠራው ብራም ሙሌናር ተጠቃሚዎቹን ለኔ አትስጡኝ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ላሉ ሕፃናት ስጡ ይል ነበር። በጣም የማከብረው ሥራ ነው። ግን ሙሌናር ደመወዙን ከሌላ ቦታ ነበር የሚያገኘው፤ ብዙ ዓመት ጉግል ውስጥ ሠርቷል። እርዳታ የሚለው ቃል ለሱ ይስማማው ነበር። እንጀራዋን ከዚሁ ለምትፈልግ ልጅ ግን አይሆንም።

ከዚያ «የሻይ» አልን። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። የሻይ ማለት የት እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል፣ ፋይሉ እንዲንቀሳቀስለት ለሚፈልግ ጸሐፊ ነው። «መዋጮ» አልን። መዋጮ የቀበሌ ነው፣ ሰው ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል።

መፍትሔው የመጣው ከሐጂ ነው። እሷ ራሷ ሄዳ ስታስረዳው፣ ነፃ ነው፣ ግን ደስ ካለህ ትከፍላለህ፣ ካላለህ አትከፍልም ስትለው፣ እስኪያልቅ ሰማትና እንዲህ አለ፦

«አቦ ልጄ፣ ነፃ ካልሽ ነፃ ነው። ነፃ ካልሆነ ዋጋውን ንገሪኝ። መሀል ላይ አታቁሚኝ።»

«ዋጋውን አንተ ቁረጠው ሐጂ» አለችው፣ ሌላ የምትለው አጥታ።

ሐጂ ሳቀ። ዋጋ መቁረጥ ዕድሜ ልኩን ሲሠራ የኖረው ሥራ ነው። «እንደሱ በይኛ!» አለ። ከዚያ ደግሞ ወዲያው «በፊት ደብተሩን ስንት ነበር የምገዛው?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። በዓመት ስንት ደብተር እንደሚጨርስ በጣቱ ቆጠረ። ያንን አስልቶ ከፈለ።

አሁን አፑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከዚያ ወግ የተወሰደ ነው። «ይህን ደብተር የሠራችው ልጅ ደመወዟ ከተጠቃሚው ነው። ዋጋውን አንተ ቁረጥ። ብዙ ሰው የሚከፍለው የአንድ ወረቀት ደብተር ዋጋ፣ 100 ብር ነው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አልነበረችም። ስትጨመር ልዩነቱ ታየ። ሰው ስንት እንደሚከፈል ሳያውቅ ሲቀር ትንሽ ልኮ ከማፈር ምንም አለመላክን ይመርጣል። ብዙዎቹ ደውለው «ሌላው ስንት ነው የሚከፍለው?» ይሉ ነበር። ለካ ስስት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው።

«አንተ» ማለቱን በተመለከተ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደውሎ ቅሬታ አቅርቧል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፣ ሐጂንም አንተ ነው የምንለው። ከቅሬታው በኋላ ምርጫ ተጨመረ፤ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»። ለሴት ባለሱቆች ግን ከመጀመሪያው «አንቺ» ሊኖር ይገባ ነበር፣ እኛ ነን የዘገየነው።

ማን ነው የሚቀበለው?

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ትንሽ ብር መላክ ቀላል ሆኗል። ግን ከመላክህ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳይሃል። ሲም ካርዱ ደግሞ በወንድሟ ስም የወጣ ነበር። አፑ «የሠራችው ልጅ» ይላል፣ ስልኩ የወንድ ስም ያሳያል። ሰዎች እዚያ ላይ ቆሙ። «ሌባ መሰለኝ ተውኩት» ያሉን ብዙ ናቸው። ስንት ሰው እንዲህ ከደጃፍ እንደተመለሰ ማወቂያ የለንም። በራሷ ስም ሲም አወጣች፣ ለቴሌብር ተመዘገበች፣ ስሟን አፑ ላይ ጻፈች፣ የባንክ ቁጥርም ጨመረች፤ የቴሌብር ያልሆነ ሰውም አለና። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ልናደርገው ይገባን ነበር።

የከፈለ ሰው ደግሞ መልስ ይፈልጋል። ብር ሲገባ እሷ ራሷ «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትጽፋለች፣ ሙስሊም መሆኑን ለምታውቀው «ጀዛከላህ»። ይህ አውቶማቲክ አይደለም፣ እንዲሆንም አትፈልግም። ብዙዎቹ በሚቀጥለው ዓመት መልሰው የከፈሉት እነዚሁ መልስ ያገኙት ናቸው።

ፍርሃቱ

በነፃ የሚሰጥ ነገር ያስጠረጥራል። «ነፃ ከሆነ ምን ፈልጋ ነው?» የሚለውን ከአንድ ሁለት ሰው አይደለም የሰማነው። ከጥርጣሬው ሥር ያለው ግን አንድ ነው፤ ግብር። ሂሳቤ ወደ ገቢዎች ይሄዳል ወይ? አሽሙር ብለው ሳይሆን ከልባቸው ነው የሚጠይቁት። ማስረዳት አልሠራም። የሠራው ማሳየት ነው። ስልኩን ተቀብላ ዳታውን ታጠፋለች፣ ኤርፕሌን ሞድ ታደርገዋለች፣ ሲሙን ታወጣለች፣ ከዚያ «በል አሁን መዝግብ» ትላለች። ይሠራል። ኋላ አፑ ኢንተርኔት የመጠቀም ፈቃድ ጭራሽ እንዳይጠይቅ አደረገችው። ይህን ያደረገችው ለመተማመን ነው፣ ግን ዋጋ አስከፍሏታል፤ ስንት ሰው እንደሚጠቀም መቁጠር አትችልም፣ አዲስ ስሪት መውጣቱንም አፑ ራሱ ሊነግር አይችልም።

ሌላም ዋጋ ነበረው። አንድ ባለሱቅ ስልኩ ተሰረቀ። የዱቤው ሂሳብ በሙሉ አብሮ ሄደ። ሰውየው ከእኛ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔ ያንን ዝምታ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ሂሳቡን በአንድ ፋይል አውጥቶ ወደ ራስህ ቴሌግራም መላክ የሚያስችል ቁልፍ ተሠራ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ማታም ያስታውሳል። ይህ የመጀመሪያው ስሪት ላይ መኖር ነበረበት። በነፃ ስለሰጠኸው ኃላፊነቱ አይቀንስም፣ ሰውየው ገንዘቡን አምኖ ያስቀመጠው አንተ ዘንድ ነው።

የሚጭኑት ልጆች

አምስተኛው ምክንያት ይህ ነው። ታይዋን ገበያ አካባቢ ስልክ ላይ አፕና ሙዚቃ የሚጭኑ ልጆች አሉ። አንድ ቀን ከነሱ አንዱ የእሷን አፕ በ50 ብር እየጫነ መሆኑን ሰማች። ተናደደች። «እኔ በነፃ ሰጥቼ እሱ ይሸጣል?» የጫኑላቸው ሰዎች ደግሞ «ከፍለን ነው የገዛነው» ይላሉ፣ ጥያቄው ሲመጣላቸው ሁለተኛ የሚጠየቁ ይመስላቸዋል።

እኔ በዚህ ከሷ ጋር ብዙ ተከራከርኩ። ልጁ የሚሸጠው ድካሙን ነው፣ ያለሱ አፑ ያን ሁሉ ሱቅ አይደርስም ነበር። እሷ ግን «ለኔስ ማን ያስብ?» አለች፣ እሱም እውነት ነው። ከዚያ ቦብ ዋላስ የሚባል ሰው ያደረገው ትዝ አለኝ። ከማይክሮሶፍት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ፒሲ ራይት የሚባል የጽሑፍ ፕሮግራም አወጣ። ማባዛት ነፃ ነው። 75 ዶላር ከፍሎ የተመዘገበ ሰው ግን የራሱ ቁጥር ያገኛል፣ ያ ቁጥር ያለበትን ቅጂ ሌላ ሰው ወስዶ ከተመዘገበ ለመጀመሪያው ሰው 25 ዶላር ይመለስለታል። ግሩም ሐሳብ ነው ብለን ሞከርነው። ለአምስት ጫኞች ለእያንዳንዳቸው ኮድ ሰጠን፣ በኮዳቸው ከሚመጣ ክፍያ ሲሶው የነሱ ሆነ።

አልሠራም። ልጆቹ ሲሶዋን ከመጠበቅ ከደንበኛው ላይ ወዲያው ሙሉውን መቶ ብር ይቀበሉ ጀመር፣ ከዚያ «ተከፍሏል፣ መስኮቱ ሲመጣ ዝጋው» ይሉታል። አልፈርድባቸውም፣ የዛሬ ብር የዛሬ ነው። አንደኛው ግን ከዚህ አልፎ አፑን ፈትቶ የራሱን ቁጥር አስገባበት። ያወቅነው እንዴት መሰላችሁ፤ ሰዎች «አዲሱ ስሪት አልጫን አለኝ» እያሉ መደወል ጀመሩ። አንድሮይድ አፕ የሠሪው ፊርማ አለው። የተነካካው አፕ በሌላ ሰው ፊርማ የታሸገ ስለሆነ የእሷ ስሪት በላዩ አይጫንም። አጥፍቶ መጫን ደግሞ ሂሳቡን ያጠፋል። የእያንዳንዱን ሰው ሂሳብ በእጅ ማዛወር ነበረባት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ።

ኮዱን አስቀረን። ልጁን አልከሰስነውም። እሷ ሄዳ አነጋገረችው፣ አፈረ፣ ተወው። አሁን ከጫኞቹ ጋር ያለን ስምምነት ቀላል ነው። ለመጫን የፈለጋችሁትን አስከፍሉ፣ የናንተ ነው። ግን ሁልጊዜ አዲሱን ስሪት ጫኑ፣ ለደንበኛውም «ይህ የመጫኛ ነው፣ የልጅቷ ለብቻ ነው» በሉት። አዲስ ስሪት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኙት እነሱ ናቸው። ያሳዘነኝ ነገር ቢኖር ይህን ከመጀመሪያው ቁጭ ብለን ብንነጋገር ኖሮ ያ ሦስት ሳምንት አይባክንም ነበር።

ያልሠሩ ሌሎች ነገሮች

ተስፋ ቆርጣ ሳለች አንድ ስሪት ላይ ቆጣሪ አስገባች፤ በ30 ቀን ካልከፈልክ የወር ድምሩ አይታይም። ሰዎቹ የድሮውን ስሪት ከጎረቤት በዜንደር ወስደው ተመለሱ። አንዴ በነፃ የወጣ ነገር አይሰበሰብም፣ የድሮው ቅጂ እስካሁን ይዞራል። ከዚያ በላይ የጎዳን ግን ቃል ማፍረስ መምሰሉ ነው። ቆጣሪውን በሁለት ሳምንት ውስጥ አወጣችው፣ ይቅርታም ጻፈች።

የከፈሉትን ሰዎች ስም የሚያሳይ የምስጋና ገጽም ነበር። ውጭ አገር ይህ ያስደስታል። እዚህ ባለሱቅ ስሙ ዝርዝር ላይ መውጣቱን አይወድም፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን «አውጪኝ» ብለው ደወሉ። ጠፋ።

ከብር ሌላ የመጣው

አንዲት የባለሱቅ ልጅ አፑን በሙሉ ወደ ሶማሊኛ ተርጉማ ላከች። ማንም አልጠየቃትም። አባቷ አማርኛ ማንበብ ይከብደው ነበርና እየተረጎመችለት ሰልችቷት ነው። አፋን ኦሮሞውን የገንደ ቆሬ አንድ መምህር ሠራው። ይህን በብር ብትተምነው ከብዙ መቶ ብሮች ይበልጣል፣ ሶማሊኛው ከወጣ በኋላ የመጡት ተጠቃሚዎችም በብዛት ከፍለዋል።

አንድ የጅምላ ነጋዴ ደግሞ መጥቶ «ይህን ለኮምፒውተር፣ ለሦስት መጋዘን አድርጊልኝ» አለ። ያ በውል የተሠራ፣ ዋጋው የታወቀ ሥራ ነው። በአንድ ጊዜ ያገኘችው ትልቁ ገንዘብ ከዚያ ነው። ነጋዴው ያወቃት ግን ሱቆቹ በነፃ በሚጠቀሙት አፕ ነው።

ከዚህ ምን ይወሰዳል

ተመሳሳይ ነገር ለሚያስብ ሰው የምለው ይህን ነው። ብዙ ሰው ተጠቀመ ማለት ብዙ ገንዘብ መጣ ማለት አይደለም። የኢንተርኔትን ግማሽ ሲጠብቅ የነበረው ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለ ነፃ ፕሮግራም ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደህንነት ክፍተት ሲገኝ፣ ፕሮጀክቱ በዓመት በልገሳ የሚያገኘው ወደ 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ተሰማ። ትልልቅ ድርጅቶች ሁሉ ይጠቀሙበት ነበር፣ ማንም ግን በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው ቃል አልጠየቃቸውም። መጠየቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እንደ ኮዱ ይጻፋል፣ ይሞከራል፣ ይታረማል።

ጥያቄህን ሰውየው ጥቅሙን በእጁ በያዘበት ሰዓት አምጣው። በፊት ለዚያው ጉዳይ ገንዘብ የሚያወጣበትን ነገር ፈልግና ዋጋውን ከዚያ ጋር አያይዘው፤ ለባለሱቅ ደብተር ነው፣ ለሌላው ሌላ ይሆናል። የምትጠይቅበትን ቃል አምስት ሰው ፊት ጮክ ብለህ አንብበውና ፊታቸውን እይ። በራስህ ስም ተቀበል፣ በራስህ ቃል አመስግን። የሰጠኸውን አትንሳ። ፋይልህን የሚያሰራጩትን ሰዎች ደግሞ ከመናደድህ በፊት አነጋግራቸው።

ገንዘቡ ለኑሮ ይበቃል ወይ ለሚለው፣ ብቻውን አይበቃም። ከአፑ የሚገባው የኢንተርኔቷንና የስልክ ወጪዋን ይሸፍናል፣ ለመሞከሪያ ሁለት ያገለገሉ ስልኮች ገዝታበታለች፣ የጠረጴዛዋንም ኪራይ ትከፍለኛለች፣ እኔ ባልፈልግም። ቀሪው ከውል ሥራ ነው። ሰባት ሰው የነበረው መዝገብ ግን ሁለተኛ ደብተር ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት ከሐረር፣ ከመኪና ግርግር አንድ ልብስ ሰፊ ደወለ። የደንበኞቹን ልክ የሚይዝበት አፕ ይፈልጋል፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ቀጠሮ። እሷ ገና ስለ ስክሪኑ ሳታወራ የጠየቀችው «አሁን ልኩን በምንድን ነው የምትይዘው? እሱንስ ስንት ትገዛዋለህ?» ብላ ነው። ሰውየው ትንሽ አሰበና «ነይና እይው» አላት። ሰኞ ወደ ሐረር ትወጣለች።